ረገጥ፣ ለቀቅ

መካነ ሰላም ውስጥ ራሴን አመመኝ ብትሉ፣ አንዱ ዳማከሴ ይልክላችኋል፣ አንዱ «ተኙበት፣ ይለቃችኋል» ይልና መንገዱን ይቀጥላል። መኪናዬን አመማት በሉ እስቲ! ደጃችሁ ላይ ጉባኤ ይቆማል። በዕድሜው ከጋሪ በላይ ነድቶ የማያውቅ ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ «እስቲ አስነሷት፣ ድምጿን ላዳምጣት» ይላል። አዳምጦ ሲያበቃ «እምም» ይላል። ከዚህች «እምም» በኋላ የሚመጣውን ፍሩ። ባትሪ ነው የሚል አለ፤ ቤንዚኑ ቆሻሻ ነው የሚል አለ፤ ዓይን ነው የሚልም አይጠፋም። መኪናዋ የሴት ከሆነች ደግሞ ምርመራው መኪናዋን አልፎ ወደ ነጂዋ ይዞራል።

ነጂዋ እኔ ነኝ። ሉባባ እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከገበያው አለፍ ብላ ያለች ሱቅ አለችኝ፤ ከሱቋ ፊት የምትቆመው ነጭ የቤት መኪና ከባለቤቴ ከይማም የቀረችልኝ ናት። ይማም ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከደሴ መካነ ሰላም፣ ከመካነ ሰላም ደሴ፣ ጤፍ ጭኖ ሲወርድ ሲሚንቶ ጭኖ ሲወጣ፣ መንገዱ ላይ ያለውን የጉጉፍቱን ተራራ ጉም ከገዛ ቤቱ ግድግዳ አብልጦ የሚያውቅ ሰው ነበር። አላህ ይዘንለት፣ ካረፈ ሰነባበተ። ሰው «ሰነባበተ» ሲል የረሳ ይመስላል፤ እኔ ግን አልረሳሁም።

ነገሩ የተጀመረው ለአረፋ ቤት ሳጸዳ ነው። ቤቱ ሲያልቅ እጄ አላርፍ አለና መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። ወንበሯን አራገፍኩ፣ መስታወቷን ወለወልኩ፣ ከመሪዋ ኋላ ያለውን የመብራት ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ፈተግሁት። በማግስቱ ሳስነሳት አንዲት ቢጫ መብራት ፍጥጥ ብላ ታየችኝ። ሌሎቹ ቦግ ብለው ሲጠፉ እሷ አልጠፋችም። በላይዋ የተጻፈው የፈረንጅ ፊደል «ኤቢኤስ» ነው አሉኝ። በአጭሩ፣ ፍሬን በድንገት ስትረግጡ ጎማው ደርቆ እንዳይንሸራተት፣ ራሱ ቶሎ ቶሎ ያዝ ለቀቅ የሚያደርግላችሁ ነገር ነው። መብራቷ በራች ማለት እሱ ሥራ አቁሟል ማለት ነው፤ ተራው ፍሬን ግን ይይዛል። ረገጥኩ፣ ቆመች። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ገበያዬን ሄድኩ።

ልጄ አህመድ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ የሚባል ነገር አያውቅም። ደሴ የሚኖር የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ሲናገር ዜና የሚያነብ ይመስላል። ለአረፋ መጥቶ ከመናኸሪያ ልቀበለው ሄድኩ፤ አጠገቤ ገና እንደተቀመጠ ዓይኑ መብራቷ ላይ አረፈ።

«እማ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«መብራት ናት።»

«መብራት መሆኗንማ አየሁ!»

ከዚያ በኋላ በዓሉን ሙሉ ስለ ፍሬን ሲያስረዳኝ ዋለ። ሊመለስ ሲል ግን ዜና አንባቢነቱ ጠፋና እንደ ልጅነቱ ድምፁ ሳሳ። «አባዬን ቀብሬያለሁ። አንቺን ከጉጉፍቱ ገደል ሥር አልለቅምም። እስከሚመጣው ጁምዓ ካልጠፋች ገዥ ይዤ እመጣለሁ» አለኝ። ምን ልበለው? ክፋት የለበትም። የእናት ነገር ሆኖበት ነው።

«ሽጫትና ሌላ ግዢ» የሚሉኝ አሉ። ሌላ መኪና ሞልቷል፤ ሌላ ይማም ነው የሌለው። የበሩ ኪስ ውስጥ የመፋቂያው ቁራጭ ዛሬም አለች። የጎኑ ወንበር እሱ ይቀመጥበት በነበረው በኩል ጎድጎድ እንዳለ ነው። መቃብሩ ዘንድ ስሄድ ድንጋይና ሳር ነው የማየው፣ ዱዓዬን አድርጌ እመለሳለሁ። እዚያች መኪና ውስጥ ስገባ ግን ይመጣል። ይናፍቀኛል፣ ምን እደብቃችኋለሁ፤ አጥንቴ ድረስ ይናፍቀኛል። መኪናዋ ከሄደች ይማም ሁለተኛ ይሄድብኛል።

መንዳት ያስተማረኝ በእሷ ነው። የጭነት መኪናውን ትቶ እሷን የገዛ ቀን «ከእንግዲህ እኔ ተሳፋሪ፣ አንቺ ሾፌር» አለኝ። ሲቀልድ መስሎኝ ነበር። ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ፣ ሜዳው ላይ አወጣኝና መሪውን ሰጠኝ። ፍሬን ስረግጥ ሁለታችንም በአፍንጫችን ልንደፋ ሆነ። ሌላ ባል ቢሆን ይጮህ ነበር፤ እሱ ከት ብሎ ሳቀ። «የስፌት መኪናሽን እንዲህ ነው እንዴ የምትረግጪው? አትድረቂባት። ረገጥ፣ ለቀቅ። ረገጥ፣ ለቀቅ» ይለኝ ጀመር፣ ጉልበቴን በጣቱ መታ መታ እያደረገ። እግሬ እስከ ዛሬ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ቁልቁለት በደረስኩ ቁጥር አፌ ሳላዘው «ረገጥ፣ ለቀቅ» ይላል፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ዚክር የማደርግ ይመስለዋል።

እንግዲህ ጁምዓ ሳይደርስ ብዬ መኪናዋን እንድሪስ ጋራዥ ወሰድኳት። እንድሪስ የከተማችን መካኒክ ነው። ጎበዝ ነው፤ ጉድለቱ ጎበዝ መሆኑን ማወቁ ነው። ጋራዡ ከመሪጌታ ክንፈ ግቢ ጋር አጥር ይጋራል። መሪጌታ ዜማ አስተማሪ ናቸው፤ ተማሪዎቻቸውን ሲያሰናብቱ ጋራዡ በር ላይ ባለችው አሮጌ ጎማ ላይ መቀመጥ ይወዳሉ። ከይማም ጋር በሕይወት ሳለ በየቀኑ የሚከራከሩ ወዳጆች ነበሩ። እንድሪስ ዱዓ አድርጎ ኮፈኑን ሲከፍት እሳቸውም ከጎማቸው ላይ ሆነው «አሜን» አሉ። በእኛ አገር ዱዓ ሲደረግ አሜን ለማለት ማንም ሃይማኖትህ ምንድን ነው ተብሎ አይጠየቅም።

«የቸርኬ ሴንሰር ነው፣ ወላሂ!» አለ እንድሪስ፣ ገና ምኑንም ሳያይ። በየጎማው ሥር አዟዟሩን የምትከታተል ትንሽ ነገር አለች፣ ጭቃ ሲይዛት ታኮርፋለች፣ ብሎ አስረዳን። አራቱንም ጎማ አወለቀ፤ ጠረገ፣ በአየር ነፋ፣ መልሶ አሰረ። በኩራት አስነሳት። መብራቷ እንደ ፈጠጠች ናት።

«እምም» አለ።

«እምምህን ተውና ሥራህን ሥራ!» አልኩት።

ፊውዙን አየ፣ ደህና ነው። የፍሬን ዘይቱን አየ፣ ሙሉ ነው። መሪጌታ «እስቲ አጥፍተህ መልሰህ አስነሳት» አሉ፤ አጥፍቶ አስነሳት፤ ፍጥጥ! እንግዲህ ምን ይደረግ፣ በማግስቱ አቀስታ ካለ ወዳጁ የመመርመሪያ መሣሪያ አስመጣ። የእጅ ስልክ የምታክል ነገር ናት፤ ከመሪው ሥር ትሰካና የመኪናዋን ብልት አንድ በአንድ እየጠራች ትጠይቃለች። ሞተሩን ጠየቀችው፣ መለሰ። ማርሹን ጠየቀችው፣ መለሰ። ኤቢኤሱን ስትጠይቀው ጸጥ አለ።

«ምን አለ?» አልኩት።

«አይመልስም እትዬ። ይደወልለታል፣ አያነሳም» አለና ሳቀ።

ለቀልድ ነው ያላት። የይማምን ቁጥር ከስልኬ አላጠፋሁትም። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል አንዳንዴ እደውልለታለሁ። ሴትየዋ ታነሳና «የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ሊገኙ አይችሉም» ትለኛለች። «ለጊዜው» ስትል ደስ ይለኛል። ዘግቼ ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ።

«የማይመልስ ከሆነ ወይ ሞቷል ወይ ሽቦው የሆነ ቦታ ተቆርጧል» አለ እንድሪስ፣ የእኔን ፊት ሳያይ። የመኪናዋን ባትሪ አወጣና ክንዱን እስከ ብብቱ ኮፈኑ ውስጥ ከተተ። ሲዳብስ ቆየ፤ ከዚያ እጁ አንድ ነገር ላይ ቆመ።

«አጃኢብ!» አለ።

ቀስ አድርጎ ከታች የሳበው ነገር የሕፃን ጭብጥ የምታህል፣ አቧራና ዘይት ያጠቆራት ጥቅልል ነበረች። ኤቢኤሱ ላይ መሰካት የነበረበትን ወፍራም ሶኬት አንድ ሰው ነቅሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አስሮ፣ ከቱቦዎቹ ሥር ሸሽጎታል። እንድሪስ ጥቅልሏን ትቶ ወደ መሪው ሄደና የሰሌዳውን መስታወት በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ። «የፕላስተር ሙጫ አለ እዚህ። መብራቷ አሁን አይደለም የበራችው እትዬ። ድሮም ትበራ ነበር፣ ተሸፍና ነው» አለኝ። ለአረፋ ሳጸዳ በእርጥብ ጨርቅ ስፈትግ ሽፋኑን እኔው ራሴ አንስቼዋለሁ ማለት ነው።

«ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር የሠራው?» አሉ መሪጌታ ከጎማቸው ተነስተው።

እኔ አውቄዋለሁ። የጥቅልሏን ጫፍ በአውራ ጣቴ ጠረግ አደረግሁት። ጥቁር አረንጓዴ፣ ትንንሽ ቢጫ አበባ ያለበት ጨርቅ።

ልብስ ሰፊ ጨርቅ አይረሳም። ይኸኛውን የቆረጥኩት ለራሴ ነው፤ እኔ ደግሞ ለራሴ ስሰፋ ብዙ ጊዜ አይታይም። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን አቀስታ ድረስ ነድቼ ጨርቅ ልገዛ ስዘጋጅ፣ ሾፌር ሆኜ አሮጌ ቀሚስ አልለብስም ብዬ የሰፋሁት ነው። ይማም ከወለሉ ላይ ቁራጩን አነሳና «መስታወት ልጥረግበት» አለኝ። የዚያን ዕለት ከሰዓት መኪናዋን «ለነገ ልፈትሽልሽ» ብሎ ብቻውን ወደ ወግዲ መንገድ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። ኮፈኑን ከፍቶ መግሪብ እስኪደርስ አጎነበሰ። «ምን ሆነች?» ስለው «ዘይት አየሁላት» ብሎኝ ገባ። በማግስቱ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ አቀስታ ደርሼ ተመለስኩ፤ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

ጨርቁን ባላውቀው እንኳ ቋጠሮውን አውቀዋለሁ። የጭነት ሸራ የሚያስርበት ቋጠሮ ነው። ሌሎች ሾፌሮች ይማም ያሰረውን መፍታት አቅቷቸው በቢላ ይቆርጡት ነበር።

ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እዚህ አገር የሚወዱትን ሰው የሚጠብቁት መብራቱን ሸፍነው ነው። መርዶ እስኪነጋ ይደበቃል። ጅዳ ለሥራ የሄደች ልጅ በስልክ «ተመችቶኛል» ትላለች፣ እናት «እኛም ደህና ነን» ትላለች፣ ሁለቱም ስልኩን ዘግተው ያለቅሳሉ። ይማምም ሕመሙን እንዲሁ ነበር የሸፈነብኝ። ሲያስለው «የጉጉፍቱ ብርድ ነው» ይላል፤ ሲከሳ «ሾፌርነት ስተው ቦርጬ ሄደ» ይላል፤ እኔም ቀበቶውን እያጠበብኩለት እሱ ያለውን እቀበላለሁ። ሐኪም ዘንድ ስንደርስ የሚደረግ ነገር አልነበረም። እንግዲህ ፍሬንም ደብቆኝ ኖሯል!

«አንተ ሰውዬ!» አልኩ ጮክ ብዬ። እንድሪስ እሱን የተናገርኩት መስሎት ደነገጠ።

«ምናልባት የዚያን ጊዜ ተበላሽቶባቸው ይሆናል። ሰክተን እንየው» አለና ከኪሱ ምላጭ አወጣ።

«ቆይ! እንዳትነካው!»

ቆመ። እኔም ቆምኩ። ይህቺን ቋጠሮ ካልፈታኋት መብራቷ አትጠፋም፣ አህመድ ጁምዓ ገዥውን ይዞ ይመጣል፣ መኪናዋ ትሄዳለች። ከፈታኋት ደግሞ የይማም እጅ ያሰረው ነገር በዓለም ላይ አይኖረኝም። ቤት ያሉትን ሁሉ ፈትቼ ጨርሻለሁ፤ የእህሉን ጆንያ፣ የፍራሹን ገመድ፣ ሁሉንም። ሳላውቅ ነው የፈታኋቸው፤ እንደ ማንኛውም ቋጠሮ።

መሪጌታ ፊቴን አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንድሪስ፣ ና እስቲ፣ አጥሬ ጋ ያለችውን ዛፍ ላሳይህ።»

«የቷን ዛፍ?»

«ና ስልህ ና!»

ጎትተው ወሰዱት። ከአጥሩ ወዲያ ስለ አንዲት ምስኪን ባሕር ዛፍ ረጅም ነገር ሲያወሩ ይሰማኛል። ኮፈኑ ላይ ጎንበስ አልኩ። የይማም ቋጠሮ ሲስቡት ይጠብቃል፤ የሚፈታው ወደ ውስጥ ሲገፉት ነው። ድሮ ከመንገድ ሲመጣ ሸራውን አብሬው ስፈታ አሳይቶኛል። ትንሽ ይዤው ቆየሁ። «በል እሺ» አልኩትና ገፋሁት። በአንድ ጊዜ ተፈታ። ሲባጎውንና ጨርቁን አጣጥፌ ጡቴ ሥር ከተትኩና «ኑ፣ ዛፏ ትበቃለች!» ብዬ ተጣራሁ።

እንድሪስ ሶኬቱን አጸዳድቶ ቀጭ አድርጎ ሰካው። ሳስነሳት ቢጫዋ መብራት ከሌሎቹ ጋር ቦግ አለች፣ ከሌሎቹ ጋር ጠፋች። መሪጌታ አጨበጨቡ። እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ ያቺ የጠፋችበት ቦታ ጨለማ ሆኖ ታየኝ።

«መፈተን አለባት። ጠጠር ያለበት መንገድ ላይ ይንዱና ድንገት በኃይል ይርገጡ» አለኝ እንድሪስ። እሱ የይማም ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ መሪጌታ «እኔ ለሁላችሁም እጸልያለሁ» ብለው እዚያው ቀሩ። ወደ ወግዲ መንገድ ወጣን። ሜዳው እንደዚያው ነው፤ ገብሱ ቢጫ ለብሷል፣ ነፋሱ ከአባይ በኩል ይመጣል። ፍጥነት ጨመርኩ።

«አሁን!» አለኝ።

ረገጥኩ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ግር ግር ግር ብሎ ተንቀጠቀጠ፤ ከታች አንድ ነገር ጥርሱን ያፋጨ ይመስላል። ድንግጥ ብዬ እግሬን አነሳሁ።

«አይልቀቁ እትዬ! ይርገጡ፣ ይርገጡ!»

«ተሰበረ እኮ! እየተንቀጠቀጠ ነው!»

«አልተሰበረም! ሥራው ነው! መንቀጥቀጡ ነው ሥራው!»

መልሼ ረገጥኩ፤ እየተንቀጠቀጠ፣ እየጮኸ፣ ቀጥ አድርጎ አቆመን። ከኋላችን ሲከተለን የነበረው አቧራ ደርሶ አለፈን። እንድሪስ ስለ ዘይት ግፊት አንድ ነገር ያስረዳኛል፤ አልሰማሁትም። ሁለት እጄን መሪው ላይ አድርጌ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ለካ በዚያ ከሰዓት፣ በዚህ መንገድ፣ በዚህ ወንበር ላይ ይማም ያገኘው ይህንን ነው። የጉጉፍቱን ጉም የማይፈራ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ በጭቃ ሲወርድ የሚያንጎራጉር ሰው፣ ፔዳሉ እግሩ ሥር ሲርድበት «ነገ ሉባባ በዚህ ልትሄድ ነው» ብሎ ደነገጠ። በእሱ የጭነት መኪና የሚንቀጠቀጥ ፍሬን ያበቃለት ፍሬን ነው። እንዳልፈራ ብሎ አልነገረኝም፤ እንዳልሞት ብሎ ነቀለው። የሚጠብቀኝን ነገር ያስወገደው ሊጠብቀኝ ብሎ ነው።

«እትዬ፣ አብሽሪ» አለኝ እንድሪስ፣ «አንቱ»ውንም ረስቶት። «ፍሬኑ እኮ ደህና ነው።»

ጁምዓ አህመድ ገዥውን ይዞ መጣ። መብራቷን ፈልጎ አጣት፤ ገዥው ሻይ ጠጥቶ ተሸኘ። «ምን ሆኖ ነበር?» አለኝ። «ሶኬቱን አባትህ ነቅሎት ነበር፤ ሲንቀጠቀጥ የተሰበረ መስሎት» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ወጣና መኪናዋ ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ፤ እኔም አልጠራሁትም።

እንግዲህ ነገሩን ያልሰማ የለም። መሪጌታ ለደብሩ ሁሉ አውርተዋል፣ እንድሪስ ለመናኸሪያው ሁሉ አውርቷል፣ እኔ ለእናንተ አወራሁ። ሳይሰማ የቀረው ባለ ጉዳዩ ብቻ ነው። ሱቄን ዘግቼ ቤት በገባሁ ቁጥር «ይማም፣ አልተበላሸም ነበር እኮ! መንቀጥቀጡ ሥራው ነው» ልለው አፌን እከፍታለሁ። ቢኖር የሚለኝን አውቀዋለሁ፤ «ወዲያልኝ! የሚንቀጠቀጥ ፍሬን አምነሽ ነው ጉጉፍቱን የምትወርጂው?» ብሎ ይነሳብኝ ነበር። እኔም አልለቀውም፣ እሱም አይለቀኝ፣ ስንሟገት ራታችን ይቀዘቅዝ ነበር። አሁን ፍሬኑም ሠርቷል፣ መብራቷም ጠፍታለች፤ ራቴን ትኩስ ትኩሱን እበላለሁ።